መርሲልያና ፔሶ የወደቀበት ዓመት

ይህን ጻፊልን ያሉኝ የልጅ ልጆቼ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ቆሜ የሞቱብኝን በስም እየጠራሁ ነፍስ ይማር ስል፣ ከእናቴና ከወንድሞቼ ስም ቀጥሎ አንድ የማያውቁት ስም ይሰማሉ። ትንሿ፣ «አያቴ፣ መርሲልያ ማን ናት? የኛ ፋሚሊ ናት?» አለችኝ። አይደለችም አልኳት። ታላቋ ሶፋው ላይ ተጋድማ፣ ስልኳን ሳትለቅ፣ ታዲያ ለምን ትጸልይላታለሽ ብላ ጠየቀች። እሱን ለመስማት ቁጭ ማለት ይጠይቃል፤ እነሱ ደግሞ ቁጭ የሚሉ አይደሉም። ስለዚህ ጻፊው አሉኝ። ፊደል የቆጠርኩት እዚሁ አሌክሳንድሪያ፣ በስተርጅና፣ ከነሱ ጋር የሰንበት ትምህርት ቤት ወንበር ላይ ተጣብቤ ነው። ብዙ አትጠብቁብኝ።

መርሲልያ የሞተችው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ በስኳር በሽታ ነው። አልጋዋ ላይ ተኝታ ሞተች። ይህን ማለቴ፣ እሷን የሚያውቅ ሰው ሁሉ አልጋ ላይ ትሞታለች ብሎ አስቦ ስለማያውቅ ነው።

የተገናኘነው ላውንደሪ ውስጥ ነው። አሌክሳንድሪያ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ የሆቴሎች አንሶላና ፎጣ የሚታጠብበት ትልቅ መጋዘን ነበር፤ አሁን ፈርሶ ኮንዶ ተሠርቶበታል። የመጀመሪያ ቀን ሳያት ያገሬ ሰው መስላኝ በአማርኛ ሰላም አልኳት። እሷም የሷ አገር ሰው መስያት ኖሮ በራሷ ቋንቋ መለሰችልኝ። እንግሊዝኛ ሁለታችንም እኩል አንችልም ነበርና ከዚያ በኋላ በደንብ ተግባባን።

አጭር፣ ደልዳላ ሴት ናት። የግራ እጇ ሁለት ጣቶች የሉም። እርጥብ አንሶላ በሦስቱ ጣቶቿ ይዛ አንዴ ስታራግፈው እንደ ጅራፍ ይጮህ ነበር። ብሬክ ላይ እኛ ወንበር ስንሻማ እሷ የታሰረ አንሶላ ላይ ትቀመጣለች፤ ጀርባዋን ግድግዳ አስደግፋ፣ የተጠላለፈ ልብስ ከማሽን የምናወጣበትን ዱላ ጉልበቷ ላይ አጋድማ። እዚህ ማን ሊነካሽ ነው ብላት፣ «ማማ፣ ዋጋ የሚጠራ ሰው ጀርባውን ለግድግዳ ይስጥ» አለችኝ። ሥራዋ ምን እንደነበረ ያኔ ነው የሰማሁት።

ገንዘብ መንዛሪ ነበረች። የሷ አገር ሃይቲና ጎረቤቱ ዶሚኒካን አንድ ደሴት ለሁለት ተካፍለው ነው የሚኖሩት። በሰሜን በኩል በመሃላቸው ወንዝ አለ፤ በወንዙ ላይ ድልድይ። የገበያ ቀን ድልድዩ ሲከፈት የሃይቲ ሴቶች ተሻግረው ሩዙን፣ እንቁላሉን፣ የፕላስቲኩን ዕቃ ገዝተው ይመለሳሉ። የማዶዎቹ ገንዘብ ፔሶ ነው። የራሳቸውን እሷ «ጉድ» ብላ ነበር የምትጠራው፤ እኔ እንዳልስቅባት ብዬ ጉርድ እለዋለሁ። መንዛሪዎቹ ድልድዩ አፍ ላይ ሳፋቸውን ታቅፈው በረድፍ ይቀመጣሉ። የመጀመሪያው የጭነት መኪና እስኪሻገር ድረስ አንዲትም አፏን አትከፍትም። መኪናው ሲያልፍ ጭነቱን አይታ፣ ትልቋ ሴት፣ ያኔ መርሲልያ ራሷ፣ የቀኑን ዋጋ ትጠራለች። ከዚያ አሳንሳ የሸጠች ወዮላት። አንዷ በድብቅ ስታሳንስ ተይዛ፣ መርሲልያ በፀጉሯ ጎትታ ፊቷን ከድልድዩ ብረት ጋር እንዳጋጨችው ስትነግረኝ ሳንድዊቿን እየበላች ነበር። ጥርሷ ወለቀ ወይ አልኳት። ሁለት አለችና ጉርሻዋን ዋጠች።

አንድ ሌላ ሕግም ነበራቸው። የጠዋቱን ዋጋ ቀን ላይ ማንም አይጠይቅም። ጠዋት የመነዘረ፣ ቀን ላይ ዋጋው ቢለወጥ ዕድሌ ነው ብሎ ይሄዳል። አንድ ሰው ግን አልሄደም። ገጀራውን ይዞ ተመለሰና የጎደለኝን ጨምሪልኝ አላት። ሕጉን ነገረችው። ገጀራውን ሲያነሣ እጇን ከፊቷ ጋረደች፤ ጣቶቿ የቀሩት ያኔ ነው። ባሏ በመሃል ገባ። ባሏ ድልድዩ ላይ፣ የተበተነ ፔሶና ጉርድ እየተለቀመ፣ ሰው በላዩ እየተራመደ ሞተ። «ደም የነካውን ብር እንኳ አልተዉትም፤ አጥበው ተገበያዩበት» አለችኝ።

 ይህንን ሁሉ የምታወራው እኔ ስለ ጉልበቴ ሕመም እንደማወራው ነበር።

ስለ ሁለቱ ገንዘቦች ስታወራ ደግሞ ስለ ሰው የምታወራ ነው የምትመስለው። በአያቷ ዘመን፣ ጉርድ በዶላር ላይ በአምስት ታስሮ፣ ፔሶም ከዶላር ጋር እኩል ነው እየተባለ፣ አምስት ጉርድ አንድ ፔሶ ነበር። ሕፃን ልጅ ሳይቀር ያውቀዋል። ከዚያ ሁለቱም ከታሰሩበት ተፈቱ። «እንደ ሁለት ሰካራም ወንድማማቾች ሆኑ» ትላለች፤ «አንዱ ቦይ ውስጥ ሲወድቅ ሌላው ይስቃል፣ ትንሽ ቆይቶ እሱም ይወድቃል። የኛው ግን ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ቀድሞ ነው።» እናቷ ያስተማረቻትን ለልጇም አስተምራ ነበር። ፔሶ ሲወድቅ አንሺው፣ ሲነሣ ልቀቂው። ፔሶ ወድቆ አይቀርም።

እዚህ መጥታም ጠባይዋ አልተለወጠም። ሲልቨር ስፕሪንግ አውቶቡስ ስትጠብቅ አንድ ጎረምሳ ቦርሳዋን ሊነጥቃት ቢል፣ ከገበያ ይዛው በምትመለሰው በረዶ ዶሮ ፊቱን ስትለው አፍንጫው ተሰብሮ ተዘረረ። ፖሊስ ሲመጣ ከሳሹ እሱ ሆኖ አገኙት። ዶሮዋን አንሥታ አጠበችና ቅዳሜ ቤቷ ጋብዛኝ አበላችኝ። ሳልጨርስ ነው ታሪኩን የነገረችኝ። እኔም ጨረስኩ፤ ጥሩ አድርጋ ነበር የሠራችው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ላውንደሪው ውስጥ ራሞን የሚባል ሰው ነበር፤ ማሽን የሚጠግን። ከሰው ሁሉ እሱ ደግሞ ከዚያው ከድልድዩ ማዶ ካለችው ከተማ የመጣ ዶሚኒካን ነው። የሷን ቋንቋ ይሰማል፣ ይናገራልም። ረጅም፣ ሸሚዙን ተኩሶ የሚለብስ፣ ፂሙን የሚያስተካክል ነው። ጠዋት ጠዋት በሷ በኩል ሲያልፍ፣ «ማዳም፣ ጉርድ ዛሬ ስንት ገባ? ጫማዬን የምወለውልበት ፈልጌ ነው» ይላታል። እሷ ደግሞ ስለ እናቱ አንድ ነገር ትለዋለች፤ ምን እንደሆነ ብጠይቃት ለአንቺ አይነገርም አለችኝ። እኔ ሁለቱንም አንድ ቀን ይጋደላሉ ብዬ እፈራ ነበር። ሰላም አውርዱ ስላቸው ሁለቱም በአንድ ላይ ሳቁብኝ፤ የተስማሙት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዋጋውን ደግሞ የምር ታውቀው ነበር። በየቀኑ ብሬክ ላይ ግድግዳው ላይ ካለው ስልክ በካርድ ወደ አገሯ ኮል ታደርጋለች። የምታወራው ከልጇ ከአስቴር ጋር ነው። አስቴር አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ከመርሲልያ እህት ጋር ትኖራለች፣ እናቷ ትታው በመጣችው ቦታ፣ ድልድዩ አፍ ላይ ተቀምጣ ትመነዝራለች። መርሲልያ አንድ ሐሳብ ብቻ ነበራት። አባቷ የሞተበት ድልድይ ልጅቷን ሳይበላት፣ ወረቀቷ አልቆ እዚህ እንድትመጣላት። ለዚህ ነው ሁለት ሺፍት የምትሠራው፣ ለዚህ ነው ጠበቃ ቤት የምትመላለሰው። ልጅቷ ግን ሥራውን ወዳዋለች። የገበያዎቹ ሴቶች ከእናቷ ይልቅ እሷን አምነው፣ ለመጪው ገበያ ፔሶ ግዢልን እያሉ ጉርዳቸውን እሷ ጋ ያስቀምጣሉ። «ጎበዝ ናት» ትለኛለች መርሲልያ፤ ወዲያው ደግሞ ጭኗን በቡጢ እየመታች፣ «ጎበዝ ባትሆን ይሻል ነበር።»

እንግዲህ በዚያ ዓመት እነ ራሞን አገር አንድ ትልቅ ባንክ ወደቀ፤ ፔሶም አብሮት።

ራሞን የሰማው ሥራ ላይ ነው። ስልኩን ዘጋ። ከዚያ የድራየሩን መስታወት በቡጢ መታው፤ ደጋገመው፤ መስታወቱ እጁ ላይ ረገፈ። ደሙ የታጠፈው ነጭ አንሶላ ላይ ተረጨ። ሁላችንም ወደ ግድግዳው ሸሸን። መርሲልያ ብቻ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ራሞን፣ ፔሶ ዛሬ ስንት ገባ?» አለችው።

ደሙን እያንጠባጠበ ዞሮ አያት። ይገድላታል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሳቋ ግን መሃል ላይ ተቆረጠ። ዓይኔን ስገልጥ ዱላዋን ጥላ ወደ ስልኩ እየሮጠች ነበር። ልጅቷ ትዝ ብላት ነው።

አስቴር ስልኩን አነሣች። ያወሩትን መርሲልያ በኋላ ቃል በቃል ነገረችኝ። ፔሶ እንዳትገዢ፣ የያዝሽውንም ዛሬውኑ ልቀቂ አለቻት። ልጅቷ ሳቀች። «እማዬ፣ ትናንት ወደቀ፤ ትናንት ገዛሁ። አንቺ አይደለሽ ያስተማርሽኝ?» አለቻት።

የራሷንም ጉርድ፣ የገበያዎቹንም ሴቶች ጉርድ፣ ሁሉንም በፔሶ ለውጣው ነበር።

ከዚያ ወራቱ ክፉ ሆኑ። መርሲልያ እየደወለች ትለምናለች፣ ትሳደባለች፤ ልጅቷ ትንሽ ቆይ ይነሣል ትላለች። ፔሶው እየባሰበት ሄደ። የዓመቱ መግቢያ ላይ ሁለት ጉርድ ገደማ ያወጣ የነበረው ፔሶ፣ ዓመቱ ሲዞር ከአንድ ጉርድ በታች ወረደ። በመርሲልያ ዕድሜ ጉርድ ከፔሶ የሚበልጠው ከስንት አንዴ ነው። ለሃይቲ ሰው የፌሽታ ቀን መሆን ነበረበት። እሷ ግን ብሬክ ላይ የገዛ እጇን ነክሳ ታደማ ጀመር። ራሞንም ጫማውን ረስቶታል። እጁ በፋሻ እንደተጠቀለለ በአጠገባችን ዝም ብሎ ያልፋል፤ ሸሚዙም መተኮሱ ቀርቶ ነበር።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። መርሲልያ ደውላ እህቷ ናት ያነሣችው። የገበያዎቹ ሴቶች ጉርዳችንን አምጪ ብለው ከነወንዶች ልጆቻቸው ግቢውን ከበውታል። ገጀራ ይዘዋል። እህቷ አስቴርን በጓሮ አስወጥታ ወደ ወንዙ ሩጪ ብላታለች፤ እሷ ደጁን ይዛ ልትቆም ነው። ይህን ተናግራ ሳትጨርስ በሩ ሲሰበር መርሲልያ ሰማች። እህቷ ስትጮህም ሰማች። ከዚያ ስልኩ መሬት ላይ ወድቆ፣ የሚጮኸው ሌላ ሰው ሆነ።

መርሲልያ እዚያ ግድግዳ ሥር ተንበርክካ፣ «አስቴር! አስቴር! ወደ ወንዙ!» እያለች በቋንቋዋ በስልኩ ውስጥ ጮኸች። ማሽኑ ሁሉ እየሠራ፣ ከማሽኑ በላይ ይሰማ ነበር። ሴቶቹ ሁሉ ከበብናት። ራሞን ቆሞ አዳመጠ፣ ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶን ወጣ። አንዷ፣ ያገሬ ልጅ ናት፣ «አሁን ሊስቅ ነው የወጣው፣ አረመኔ» አለች። እኔም እውነቷን ነው ብዬ አሰብኩ።

በማግስቱ እህቷ እንደሞተች ተረጋገጠ። ደጃፉ ላይ ቆራርጠዋት ነው። አስቴር የለችም። ወንዙ በዚያ ወቅት ጥልቅ አይደለም፤ ማዶው ላይ ግን ወታደሮች አሉ፣ የሚሻገረውን ይቀጠቅጣሉ፣ አንዳንዴም ይተኩሳሉ። ገደሏት ብለው ነገሯት።

አለቃችን ወደ ቤትሽ ሂጂ ቢላት እምቢ አለች። የጠረጴዛ ጨርቅ ልተኩስ አለችና ካውያዋን አነሣች። ፊቷ ላይ እንባ የለም። እኔ ጎኗ ቆሜ ጨርቅ እያቀበልኳት፣ በሆዴ እመቤቴን እለምናለሁ። ራሞን ከጓሮ በኩል መጣ። ቀጥ ብሎ ወደሷ ነው የመጣው። ከኋላዋ ቆመና ፋሻ ያለበትን እጁን ትከሻዋ ላይ አደረገ፤ ስትዞርለት አፉን ከፈተ።

አላስጨረሰችውም። የጋለውን ካውያ ፊቱ ላይ አሳረፈችው፤ ጉንጩና ከንፈሩ ላይ፤ ይዛው ቆየች። ሽታውን እስካሁን አልረሳሁትም፤ ሥጋ ጥብስ አጠገብ መቀመጥ የተውኩት ከዚያ ወዲህ ነው፣ ልጆቹ ምክንያቱን አያውቁም። ራሞን በጉልበቱ ወደቀ። በካውያው ጫፍ አናቱን ልትደግመው ስታነሣ በላይዋ ላይ ተንጠለጠልኩ። እኔ ቀላል ሰው ነኝ፤ ከነካውያው አነሣችኝ። ሌሎቹ ሴቶች ደርሰው ነው የጣልናት። ካውያው መሬት ላይ ወድቆ ጨርቁን ያቃጥላል፣ እሷ ከሥራችን ሆና እንደ እንስሳ ትጮሃለች፣ እኔ እርጥብ አንሶላ ጎትቼ የራሞንን ፊት ጠቀለልኩ።

አለቃችን ሮጦ መጣና ይህን ማን አደረገው ብሎ ጠየቀ።  ራሞን በአንሶላው ውስጥ እያቃሰተ እጁን አንሥቶ ወደ ራሱ ጠቆመ። እኔ ነኝ፣ በራሴ ላይ ነው ማለቱ ነው። ሴት መታችኝ ማለት አፍሮ ነው አልን። አምቡላንሱ ወሰደው፤ ከዚያ በኋላ ላውንደሪው ውስጥ ዳግመኛ አልታየም። ከንፈሩ ተጣብቆ ለወራት መናገር አልቻለም ሲባል ሰማን።

ሳምንታት ካለፉ በኋላ ስልኳ ጮኸ፤ አስቴር ናት። በሕይወት አለች። ወንዙን ስትሻገር አንዲት የማዶ አሮጊት አግኝታ ቤቷ አስገብታታለች፤ ታማ ከርማ አሁን ገና ነው መደወል የቻለችው፣ እዚያው ከሷ ጋር ናት። መርሲልያ ይህን የነገረችኝ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አፓርታማዋ ውስጥ፣ ወለል ላይ ተዘርግታ እየሳቀች ነው። «የማዶ ሰው፣ ማማ! ያውም የማዶ ሰው!» ትላለች።

ያ ሁለተኛው ዓመት ሳያልቅ ፔሶ ተነሣ። ተነሥቶ ጉርድን መልሶ በለጠው፤ እንደ ድሮው። አስቴር እስከዚያ ይዛው ቢሆን ኖሮ የሴቶቹን ሁሉ ከነትርፉ ትመልስ ነበር። መርሲልያ ዋጋውን የሰማች ቀን የገዛ አፏን በጥፊ መታችው። ደግማ መታችው። «ፔሶ ወድቆ አይቀርም ማለቴ ልክ ነበር» እያለች መታችው፤ «እህቴን የገደላት ልክ መሆኔ ነው።» ጥርሷ ደም እስኪሆን እጇን ይዤ ማስቆም አልቻልኩም። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ፔሶም ስለ ጉርድም አንድ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

የአስቴር ወረቀት ዓመታት ፈጀ፣ አለቀ፣ መጣች። እናቷ ኤርፖርት ላይ አንገቷን፣ ክንዷን፣ ራሷን እየዳሰሰች ጠባሳ ፈለገች። አብረው የቆዩት ትንሽ ጊዜ ነው። መርሲልያ ስትሞት ዓይኗን የከደነችላት አስቴር ናት። ያንን ካውያ እስከ መጨረሻዋ አልተጸጸተችበትም፤ ለነፍስ አባት ተናዘዢ ብላት፣ «የሳቀብኝን ሰው ነው የመታሁት» አለችኝ።

ከዚህ በኋላ ያለውን እኔም የሰማሁት አምና ነው። ያቺ አሮጊት ሞተች ተብሎ አስቴር ለቀብር ወደዚያ ሄደች። ስትመለስ ከኤርፖርት በቀጥታ አሌክሳንድሪያ፣ እኛ ቤት መጣች፤ ሻንጣዋን እንኳ ከበሩ አላስገባችም።

ያን ቀን ወንዙ መሃል አንድ ወታደር ፀጉሯን ይዞ በጠመንጃው ሰደፍ ይመታት ነበር አለችኝ። አንዲት የማታውቃት አሮጊት ከነልብሷ ውኃው ውስጥ ገብታ፣ በስሟ እየጠራቻት መጣች። የልጄ ልጅ ናት፣ ልቀቃት አለችው። ሰደፉን በክንዷ ተቀበለችላት፤ ክንዷ ተሰበረ። አስቴር ስሜን ማን ነገረሽ ብላ ዓመታት ሙሉ ብትጠይቃት፣ አሮጊቷ ልጄ ከአሜሪካ ደውሎ ነው ከማለት በቀር የልጇን ስም አልነገረቻትም፤ ለማንም እንዳትነግሪ ብሏት ነበር።

ቀብሩ ላይ ልጇ መጣ። የፊቱ ግማሽ የቀለጠ፣ ከንፈሩ ወደ አንድ ወገን የተሰፋ ሰው ነው። ስሙ ራሞን ነው።

ላውንደሪው ውስጥ እናቷ ስሟንና ወንዙን እየጠራች ስትጮህ ሰምቶ፣ ወጥቶ ለእናቱ የደወለው እሱ ነው። በማግስቱም እጁን መርሲልያ ትከሻ ላይ አድርጎ አፉን የከፈተው፣ ልጅሽ እናቴ ቤት ናት ሊላት ነበር።